በሞዴል ሃያ ሁለት የወጣ ባል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ኬክ ቆረሱልኝ፤ ኬኩ ላይ ኮምፒውተር ተስሎበታል። ስኳር እንዳለብኝ ስለሚያውቁ ራሳቸው በሉት። እየበሉ ሳለ አንዷ፣ የዲግሪዋ ቀለም ገና ያልደረቀ ልጅ፣ "እትዬ አስቴር፣ የመጀመሪያ ዳታቤዝዎን በምን ፕሮግራም ነው የሠሩት?" አለችኝ። "በብስክሌት ጎማ ሽቦ" አልኳት። ሳቁ። ያረጀ ሰው ቀልድ መሰላቸው። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ይኸው ቁጭ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ማንበብ የፈለገ ያንብብ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ እማር ነበር። ከመመረቃችን በፊት አንድ ክረምት በተግባር ልምምድ ማሳለፍ ግዴታችን ነው። ጓደኞቼ ባንክ ደረሳቸው፣ ቡና መሥሪያ ቤት ደረሳቸው። ለእኔ የደረሰኝ ናዝሬት ውስጥ ያለ የእናቶች ጤና ጥናት ጽሕፈት ቤት ነው። ያኔ አዳማን ናዝሬት፣ ባቱን ዝዋይ ነበር የምንለው፤ አፌ የለመደውን ብጽፍ ቅር አይበላችሁ። ሥራው ከሞጆ ጀምሮ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች እየዞሩ እናቶችን መጠየቅ ነው፦ ምን ወለድሽ፣ የት ወለድሽ፣ ማን አዋለደሽ፣ የትኛው አደገልሽ። ልምምዱን ካላለፍኩ ምረቃ የለም። አባቴ ደግሞ ለምረቃዬ የሚለብሰውን ሱፍ ገና ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት አሰፍቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እናቴ በየሳምንቱ አቧራውን እያራገፈች "ይሄ ሱፍ አንቺን እየጠበቀ ነው" ትለኛለች። ብወድቅ የምፈራው ዲኑን ሳይሆን ሱፉን ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሲስተር ብርቄ ናቸው። አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው የሚሄዱ። ናዝሬት ውስጥ ጋሪ ከሚነዳው ጎረምሳ ግማሹ እሳቸው እጅ ላይ ነው የተወለደው ይባላል፤ እሳቸውም ጋሪ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ "እናትህ ደህና ናት?" ነው የሚሉት። በደረስኩ ማግስት ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው አንድ ካርቶን ዘረገፉልኝ።

ካርዶች ናቸው። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ፣ ወፍራም፣ ዙሪያቸውን በሙሉ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሱ። እያንዳንዷ እናት አንድ ካርድ አላት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው። ይሄኛው "ቤቷ ነው የወለደችው?"፣ ያኛው "የሞተባት ልጅ አለ?" መልሱ አዎ ከሆነ ቀዳዳውን እስከ ካርዱ ጠርዝ ትቆርጪዋለሽ፤ አይደለም ከሆነ እንዳለ ትተዪዋለሽ። ከዚያ ካርዶቹን ሁሉ አንድ ላይ ደርድረሽ፣ በፈለግሽው ቀዳዳ ረጅም ሽቦ አሳልፈሽ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ያልተቆረጠው ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የተቆረጠው ዝርግፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። መልስሽ የወደቁት ናቸው። መብራት አይፈልግ፣ ቫይረስ አይገባው።

አብሮ መምጣት የነበረበት ሽቦና መቁረጫ የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ሲስተር ብርቄ ሽቦውን ከብስክሌት ጠጋኝ አገኙ፤ ጠጋኙ ጫፉን በሞረድ አሹሎ ሰጣቸው። መቁረጫው ደግሞ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ቲኬት ይበሱበት የነበረው ነው። ካርዱ ለልደት ወር አሥራ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስላለው ጳጉሜ የተወለዱ ልጆች ቀዳዳ አልነበራቸውም። "ፈረንጁ ረስቷቸው ነው፤ ከመስከረም ጋር ይደሩ፣ ለአዲስ ዓመት የመጣ እንግዳ አይመለስም" አሉ ሲስተር። ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒውተር መጥቶ ጳጉሜን አልቀበልም ሲል ሁሉም ሲጨነቅ እኔ ብቻ አልደነገጥኩም።

የሲስተር ብርቄ አጠያየቅ ግን ከካርዱም ይበልጥ ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ እርሳስ አያወጡም። "መጀመሪያ እሷ ትጠይቅሽ፤ ሰው የሚያምነው ራሱ የጠየቀውን ነው" ይሉኝ ነበር። ባለቤቲቱም ከየት እንደመጡ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ወልደው እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። "ዳንኤል የሚባል ልጅ አለኝ፣ ተማሪ ነው" ይሉና ወዲያው ስለ ዝናቡ ያነሳሉ። ከዚያ ነው እርሳሱ የሚወጣው።

ሌላው ነገር፣ ስንት ልጅ አለሽ ብሎ መጠየቅ የለም። ልጅ አይቆጠርም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሞጆ ላይ አንዷን "ስንት ልጅ አለዎት?" ብያት ልጆቿን ከኋላዋ ሰብስባ ወደ ጎን ቱ ቱ አለችብኝ፤ ቆጥሬ ልጨርስባት የመጣሁ መሰላት። ሲስተር የሚጠይቁት ከላይ ወደ ታች ነው፦ "የበኩርሽ ማን ይባላል? ከሱስ ማን ይከተላል? ከሷስ?" እንዲህ እያሉ ይወርዳሉ። በሁለት ልጆች መሃል ሰፋ ያለ ዓመት ካገኙ ግን ዝም ይላሉ። "እዚያ ጋ ስትደርሺ አፍሽን ዝጊ። አትሳይ፣ አንገትሽንም አትነቅንቂ። እዚያ መሃል ያለው ልጅ ራሱ ይመጣል" ይሉኛል። እውነትም ይመጣል። እናትየው መሬት መሬት ታይና ስሙን ትጠራዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እሳቸው አልቅሳ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ክፍል ውስጥ አልተማርኩም።

ችግሩ እኔ ነኝ። የገባንበት ቤት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ "አግብተሻል?" ነው። አላገባሁም ስል ጨዋታው ይቆማል። ስለ ምጥ፣ ስለ ደም፣ ስለ ባል አመል ያላገባች ልጅ ፊት ማን ያወራል? በትህትና "በይ ልጄ፣ እስቲ ውጭ ንፋስ ተቀበዪ" እባላለሁ። ሞጆንና መቂን ያወቅኋቸው ከዶሮዎቻቸው ጋር ግቢ ተቀምጬ ነው። ሲስተር ደግሞ ብቻቸውን ያን ሁሉ ቤት መጨረስ አይችሉም።

መፍትሔውን ያመጡት ንብረት ክፍሉ ጋሽ ተሰማ ናቸው። ጋሽ ተሰማ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወይ ገቢ ነው ወይ ወጪ ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ከገበያ የመዳብ ቀለበት አስገዙ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ሲወጣ ሞዴል ሃያ ሁለት ይቆረጣል፤ ለቀለበቱም ሁለቱንም ቆረጡለት። አስፈረሙኝና፣

"ባል በአደራ ነው የወሰድሽው፤ ቢጠፋ ከደሞዝሽ ይቆረጣል" አሉኝ።

"ጋሽ ተሰማ፣ እኔ ደሞዝ የለኝም እኮ።"

"እንግዲያው እንዳይጠፋ።"

ሲስተር ብርቄ ነገሩ ደስ አላላቸውም፤ ግን ሥራው ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ባልሽ ወታደር ነው እንዳትዪ አሉ። ያኔ የማይለቀስበት ቤት አልነበረም፤ በሌለ ሰው የሰው እናት እንዳላስለቅስ ነው። ጋሽ ተሰማ የአሰብ ሾፌር አድርጊው አሉ፤ የት ነው ቢሉሽ መንገድ ላይ ነው በቃ። ስሙን እኔ ግርማ አልኩት። በየሰፈሩ ያለ ስም ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም ብዬ ነው። ጉዴ የመጣው ግን ስሙ በየሰፈሩ በመኖሩ ነው።

ዝዋይ ስንደርስ ቀለበቴን አድርጌ ገባሁ። እዚያ የሴቶቹ ሁሉ አለቃ አዴ ሎሚ ናት። ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች፤ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ ትንፋሽ የምታወርድ። እርስዎ ስላት ተቆጣችኝ፤ "አንቺ በዪኝ፣ እርጅና አታምጪብኝ" አለች። አንቺ አልኳት፣ እስከ መጨረሻውም አንቺ እንዳልኳት ነው። እሷ የፈቀደችው ቤት ይከፈታል፣ ያልፈቀደችው ይዘጋል። የሰፈሩን ሴቶች ሰበሰበችልን፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

"ባልሽ ምን ይሠራል?"

"ሾፌር ነው። አሰብ።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። የአሰብ ሾፌር በየከተማው ትራስ እንዳለው ያልሰማ የለም። ልጅስ? አሉኝ። ገና ነው አልኩ። ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው ብያቸው ስለነበር ይሄኔ ሐዘኔታቸው ጠናብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝዋይ ውስጥ ጠያቂ መሆኔ ቀርቶ ታካሚ ሆንኩ። ጥቁር አዝሙድ በማር አዋጡልኝ። ሶደሬ ፍል ውሃ ስንት ቀን እንደምነከር ተማከሩ። ሙስሊሟ ጎረቤት ዱዓ አስደረገችልኝ፤ ጴንጤዋ ጎረቤት፣ ዘመኑ የሚያስጮህ ስላልነበረ፣ በሹክሹክታ ጸለየችልኝ። እኔም ጥያቄዬን በመሃል በመሃል ሻጥ አደርጋለሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ የተሟላ መልስ ከየትም ከተማ አላገኘንም። ስለ እኔ ያዘነ ሁሉ የራሱን ያወራኛል።

አዴ ሎሚ ግን በአዝሙድ አልተመለሰችም። ልንሄድ ስንል እጄን ይዛ ወደ ሐይቁ አዞረችኝ። ሐይቁ ላይ ባለችው ደሴት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች።

"ኢንተላ ኮ፣ ተስያለሁ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "አንቺ ከወለድሽ ለማርያም ጃንጥላ አገባለሁ። ስምሽን ጠርቻለሁ።"

አዴ ሎሚ ዝናብ ሲመታት ራሷ የምትከለልበት ጃንጥላ አልነበራትም። አውቶቡስ ውስጥ ለሲስተር ነገርኳቸው። እሳቸውም ቦርሳቸውን እንዳቀፉ፣ ሥራው እስኪያልቅ ምን ይደረጋል ብለው በመስኮት ማየት ጀመሩ።

ሥራው ደግሞ ሁለት ዙር ነበረው። እያንዳንዷን እናት ሁለት ጊዜ ካልጠየቅናት ካርዷ አይቆጠርም። ከአዲስ አበባ ብቅ የሚሉት የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ነገሩን ግልጽ አድርገውታል፤ የዝዋይ ካርድ ከተሟላ ለዝዋይ ክሊኒክ አዋላጅ ይጠየቅበታል፣ ካልተሟላ አይጠየቅም። የእኔም ማለፊያ እዚያው ላይ ነው። ዝዋይ ውስጥ ያኔ ምጥ የጠናባት ሴት በጋሪ ወይም በለመነችው የጭነት መኪና ነበር ወደ ሻሸመኔ የምትሄደው፤ መንገድ ላይ የቀረችም ነበረች።

ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ አዴ ሎሚ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አንገቷ ላይ የመኪና ቁልፍ አንጠልጥላለች። ቤት ውስጥ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ አንድ ላብ ያጠመቀው ሰውዬ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እግሩ ሥር በገመድ የታሰረ ቆሮሶ ዓሣ አለ።

"ባልሽን አመጣሁልሽ" አለች አዴ ሎሚ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ከሄድን ጀምሮ ዓሣ ሊገዛ የሚቆመውን ሾፌር ሁሉ ስምህ ማነው፣ የት መስመር ነው የምትሠራው እያለች ስትጠይቅ ከርማለች። ይሄ ሰው ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ሻሸመኔ ሲያልፍ ዓሣ ሊገዛ ቆመ፤ ግርማ ነኝ፣ አሰብ ነው የምሠራው አለ። ቁልፉን ተቀበለችው። ናዝሬት ያለችውን ሚስትህን ምን በድላህ ነው የጣልካት አለችው። ሰውዬው ደግሞ እውነትም ናዝሬት የጣላት ሚስት አለችው። አዴ ሎሚ ከየት እንደሰማች ባያውቅም ደንግጦ ሁሉንም አምኗል፤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ መጠጥ እተዋለሁ ብሎም ሴቶቹ ፊት ምሏል። እኔ የደረስኩት ይቅርታው ካለቀ በኋላ ነው።

ግርማ ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አየኝ።

"ይቺን እንኳ አላውቃትም" አለ።

"ይኸው ካዳት!" አለች አንዷ፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ዓሣ መፋቂያ ቢላዋ የያዘች ነበረች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያጠበቀች ነበረች። ሰውዬው በርጩማውን ይዞ ወደ ጥግ ሸሸ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሴት እውነቱን ቢናገር ሊደበደብ ነው። ሲስተር ብርቄን አየኋቸው። አላገዙኝም፤ ያው እንዳስተማሩኝ ዝም ብለው ጠበቁ።

"አዴ ሎሚ፣ ሰውየውን ልቀቂው" አልኳት። "ባል የለኝም። ቀለበቱ የመሥሪያ ቤት ነው።"

ግርማ ቁልፉን ከአዴ ሎሚ አንገት ላይ እንዴት እንዳወጣው አላየሁም። የሞተር ድምፅ ሰማን፤ ዓሣውን ትቶ ሄዷል። አዴ ሎሚ ጣቴን ይዛ ቀለበቱን አገላበጠችው። ከሥሩ ቆዳዬ አረንጓዴ ሆኗል።

"እኔ ማርያም ፊት ስምሽን ጠርቻለሁ" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። የዱዓዋ ጎረቤት ስታልፍ ፊቷን አዞረችብኝ። በሩ ከኋላችን ተዘጋ፣ ከዚያም የሰፈሩ በር ሁሉ ተዘጋ። በሌላው ቀን ጋሪ እንኳ ወደዚያ ሰፈር አልወስድም አለን። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ከሽፎብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ናዝሬት ስንመለስ ጋሽ ተሰማ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለበቱስ? አውልቄ ሰጠኋቸው። ብርሃን ላይ አይተው "ዝጓል" አሉና በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ አደረጉት። እንዲህ ሆነን ተፋታን። እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቼ የአባቴን ሱፍ አስባለሁ።

ሲስተር ብርቄ ጥቂት ቀን አላነጋገሩኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥተው "ተነሽ፣ ዝዋይ ነን" አሉ። ካርድ ላዘጋጅ ስል ከለከሉኝ። "እርሳስም አትያዢ። ለሥራ አይደለም፣ ለይቅርታ ነው የምንሄደው። ሥራውን ብናጣ እንኳ ይሄንን አናጣም።"

አዴ ሎሚ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየፋቀች አገኘናት። ቀና አላለችም። ሲስተር ትንሽ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ እዚያው ነበርን። አባ ኮዳ የሚሏቸው እነዚያ ትልልቅ ወፎች እንኳ ሰልችተውን ሄዱ። በመጨረሻ ቢላዋዋን አጠበችና መጣች።

"እናንተ የኛን ጓዳ ሁሉ ጠየቃችሁ" አለች። "እኛ ስለናንተ የምናውቀው ውሸት ነው። ዛሬ እኛ እንጠይቃለን።"

ሴቶቹ ተጠሩ። ያ ቤት እንደገና ሞላ፤ እኔና ሲስተር መሃል ተቀመጥን፣ እነሱ በዙሪያችን። በእኔ ጀመሩ። ጥያቄዎቹን አንድም ሳይረሱ በቃላቸው ይዘዋቸዋል፣ የእኔን የዩኒቨርሲቲ አማርኛ ሳይቀር። "ለመሆኑ የወር አበባ ዑደትዎ የተስተካከለ ነው?" ትላለች አንዷ አፏን አሞጥሙጣ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ወንድ ወድጄ እንደማውቅ ጠየቁኝ፣ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ለምን እንዳልሆነም ጠየቁኝ። የቤተሰብ ምጣኔ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሁሉንም መለስኩ። ለካ መጠየቅ እንደዚህ ነው! እስከዚያች ቀን ድረስ ምን ስጠይቅ እንደከረምኩ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አዴ ሎሚ ወደ ሲስተር ብርቄ ዞረች።

"የበኩርሽ ማን ይባላል?"

"ዳንኤል።"

"ከሱስ ማን ይከተላል?"

ሲስተር ስለ ዝናቡ ሊያነሱ አፋቸውን ከፈቱ። ግን አልሆነላቸውም። አዴ ሎሚ ዝም አለች። አልሳለችም፣ አንገቷንም አልነቀነቀችም። ያን አጠያየቅ ከማን እንደተማረችው እኔም አውቃለሁ፣ ሲስተርም ያውቃሉ። ሲስተር ቦርሳቸውን ከደረታቸው ላይ አውርደው መሬት አስቀመጡት።

"ሰብለ" አሉ። "ሰብለ ትባል ነበር። እኔ የሰው ልጅ ሳዋልድ እሷ ቤት ውስጥ በትኩሳት ሞተች።"

አለቀሱ። አዴ ሎሚ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሲስተር ሲረጋጉ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው እግዜር ያጽናሽ ብሎ ወሬ ይቀይር ነበር እንጂ ማን ትባል ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም አሉ። ለዚያ ነው ሰውን እንደዚያ መጠየቅ የጀመሩት። እኔ ክረምቱን ሙሉ አብሬያቸው ስዞር፣ ዳንኤል ካሉ በኋላ ስለ ዝናብ ማውራታቸውን ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እነዚያ ሴቶች ግን ሰምተውት ኖሯል፤ እነሱም ስንት ዓመት የሞተባቸውን ልጅ ዘለው ሲመልሱ የኖሩ ናቸው።

"በይ እርሳስሽን አውጪ" አለችኝ አዴ ሎሚ።

"አልያዝኩም።"

"ያለ እርሳስ ነው እንዴ የመጣችሁት?" አለችና ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ ሳቋ መጣ። "ነገ ይዛችሁ ኑ።"

በማግስቱ ሄድን፤ የዝዋይ ካርድ አንድ ሳይጎድል ተሟላ። ስቆርጥ ሲስተር አንድ ባዶ ካርድ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። "የእኔንም ቁረጪ" አሉኝ። ዶክተሩ ሊያዩ በመጡ ቀን ካርዶቹን ደርድሬ፣ የሞተ ልጅ ባለበት ቀዳዳ ሽቦውን አሳልፌ አነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ብዙ ነው፤ ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ከሴቶቹ ቁጥር አንድ ካርድ ለምን እንደበለጠ ጠየቁኝ። ሲስተር ብርቄ ከኋላዬ ሆነው "አንዷ እኔ ነኝ" አሉ። ዶክተሩ ካርዱን ከሌሎቹ ጋር አስገቡት።

አለፍኩ። አባቴ ሱፉን ለበሰ፤ ወፍሮ ስለነበር ቁልፉ አልዘጋለትም፣ ግን ለበሰው። ለዝዋይ ክሊኒክም አዋላጅ ተፈቀደ። ማን ይመደብ ሲባል ሲስተር ብርቄ ራሳቸው ጠይቀው ሄዱ፤ አዴ ሎሚ ሐይቁ ዳር ቤት ፈልጋ አከራየቻቸው። እኔ ሻሸመኔ ተመደብኩ፣ ከዚያ ደብረ ዘይት፣ ከዚያ ተመልሼ ናዝሬት። ከአለቆቼ አንዱ ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል በጫማ እንዳይገባ ስላዘዙ ሙሉ ዓመት በካልሲ ሠርቻለሁ። በማሽኑ ብዙ ሠራሁበት፤ ስለ ሞተ ልጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን ሲስተር ብርቄ ባሉኝ መንገድ ካልሆነ አላስጠይቅም ብዬ ከሁሉም አለቃ ተጣልቻለሁ።

ስለቱን ረስቼው አላውቅም። ካገባሁ በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ሰብለ አልናት። ጠንክራ ቁጭ ማለት ስትጀምር ታቅፌያት፣ ከባሌ ጋር ዝዋይ ወረድኩ። ባሌ እንደኔው የስታቲስቲክስ ሰው ነው። ጃንጥላውን ናዝሬት ገዝቼ ይዤ ነበር፤ አዴ ሎሚ አየችውና ተቆጣች። ስለቱ የእኔ ነው፣ የሌላ ሰው ጃንጥላ ማርያም አትቀበልም ብላ የራሷን ከጓዳ አወጣች፤ ቀይ፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ከስንት ዓመት በፊት ገዝታ አስቀምጣው ኖሯል። የእኔን ለራሷ ወሰደችው፣ ዝናብ ሲመጣ እከለልበታለሁ ብላ።

ጀልባዋ ላይ ሆነን ወደ ደሴቷ ስንሄድ ሕፃኗን እሷ ታቀፈቻት። ባሌ የሐይቁን ጥልቀት፣ የዓሣውን ብዛት ለጀልበኛው ያስረዳል። አዴ ሎሚ ትንሽ አዳመጠችውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ሾፌሩ ይሻልሽ ነበር" አለችኝ። "እሱ ቢያንስ ይፈራል።"

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የልጄን ፊት ገልጣ አየቻትና፣

"ከሷስ ማን ይከተላል?" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው አዴ ሎሚ፣ ገና አራስ ቤት ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው?"

ዝም አለች። አልሳለችም፣ አንገቷንም አልነቀነቀችም። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የኛው መሥሪያ ቤት ዝምታ ነው። ውሃውን አየሁ፣ ወፎቹን አየሁ፣ ስለ ዝናቡም ላነሳ አስቤ ነበር።

"ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ" አልኳት።

ባሌ ንግግሩን አቋርጦ ዞረ። እሱም ገና መስማቱ ነበር።